ጉናን የነዳሁ ሰው ነኝ

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ሹፌር አይደለህም እንዴ? እባክህ አብረኸው ሂድልኝ።»

እህቴ ይህን ያለችኝ ኮሎኝ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ፣ ማድቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ዓይኗ እንባ ያቀረረው በሽንኩርቱ ይሁን በልጇ ነገር አልለየሁም። ልጅየው ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ለልደትህ ምን ይደረግልህ ቢሉት ልብስ አላለ፣ ጫማ አላለ፤ «ኑርቡርግሪንግ ሄጄ ልንዳ» አለ። ገንዘቡንም ማታ ማታ በብስክሌት ምግብ ለየቤቱ እያደረሰ አጠራቅሞ ጨርሷል። የሚቀረው የእናት ምርቃት ብቻ ነበር።

እኔ እነሱን ልጠይቅ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። የቦታውን ስም እንኳ በቅጡ አልያዝኩትም። ነገር ግን ዕድሜውን በመሪ ላይ የጨረሰ ሰው «መንዳት» የሚል ቃል ሲሰማ ዝም ማለት አይሆንለትም። ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «የምን ፍርሃት ነው? እኔ እኮ ጉናን የነዳሁ ሰው ነኝ» አልኩ።

ልጁ ሳቀ። ጉና ምን እንደሆነ አያውቅም። እህቴ ግን አልሳቀችም። እሷ ጉና ሲባል የምታስበው ተራራውን ሳይሆን የታናሽ ወንድማችንን እግር ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ኑርቡርግሪንግ ከኮሎኝ በስተ ደቡብ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ አይፍል በሚባል ደን የለበሰ ኮረብታማ አገር ውስጥ የሚገኝ የመኪና መሽቀዳደሚያ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1925 ተጀምሮ በ1927 ተመረቀ። ከተሠራባቸው ምክንያቶች አንዱ ለዚያ ድኻ አውራጃ ሥራ ፈቶች እንጀራ መክፈት ነበር፤ በእኛ በኩል «ምግብ ለሥራ» እንደሚባለው መሆኑ ነው። ይህን ስሰማ መንገዱን ወደድኩት። አሮጌው ክፍል «ኖርድሽላይፈ» ይባላል። አንድ ዙሩ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። ኩርባው እንደ ቆጣሪው ይለያያል፤ ብዙዎቹ 73 ይላሉ። ከዝቅተኛው ቦታ እስከ ከፍተኛው 300 ሜትር ያህል ሲወጣ ሲወርድ በጥንታዊ ግንብ ፍርስራሽ ዙሪያ ይጠማዘዛል።

ጃኪ ስቱዋርት የተባለው ስኮትላንዳዊ ተወዳዳሪ «አረንጓዴው ሲኦል» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ሰውየው ይህን ያለው ፈርቶ ሸሽቶ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 በጭጋግና በዝናብ ነድቶ፣ ሁለተኛ የወጣውን ሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ያሸነፈ ነው። ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1976፣ በእኛ ሐምሌ 25 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ እዚያው ላይ ከመንገድ ወጥቶ መኪናው በእሳት ተያያዘ። ጎትተው ያወጡት ሲሽቀዳደሙት የነበሩት ሌሎች ነጂዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የፎርሙላ አንድ ውድድር ወደዚያ አሮጌ መንገድ ተመልሶ አያውቅም።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ጉድ ያየ መንገድ ውድድር በሌለባቸው ቀናት ለሕዝብ ክፍት ነው! መንጃ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሰው በሩ ላይ ከፍሎ፣ በቤት መኪናው፣ ከፈለገ ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ ይገባበታል። በሕጉ ዓይን የሚያስከፍል የሕዝብ መንገድ ነው። የአገሩ የትራፊክ ደንብ ይሠራበታል፤ ሰዓት ይዞ መሽቀዳደም ክልክል ነው። የሚነዳውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣ አይሱዙ የለም፣ ጨው የጫነ አህያ የለም፣ መንገድ መሐል ቆማ የምታመነዥክ ላም የለችም። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው? አልኩ በልቤ።

የዚያን ዕለት ማታ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየኝ። ጠረጴዛው ላይ መሪ ተክሏል፤ ከሥሩ ፍሬንና ነዳጅ አለ። መንገዱ ከነዛፉ፣ ከነኩርባው፣ አስፋልቱ ላይ በቀለም ከተጻፉት ስሞች ጋር ስክሪኑ ላይ ይሮጣል። «ጋሼ፣ እኔ ይህን መንገድ ከሺህ ጊዜ በላይ ዞሬዋለሁ» አለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ኩርባዎቹን በስም በስማቸው ወረደልኝ፦ ሽቬደንክሮይትስ፣ ፉክስሮረ፣ ቤርግቬርክ፣ ካሩሰል… ዳዊት የሚደግም ተማሪ ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። እኔም በእሱ ዕድሜ ዓይኔን ጨፍኜ እንዲህ ስደግም ነበርና።

ወገዳን ለማያውቅ አንባቢ፦ የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት። ስማዳ፣ ጋይንትና እስቴ በደቡብ ጎንደር ተጎራብተው የሚገኙ ናቸው። ልጆች ሳለን ለእኛ «መንገድ» ማለት የቻይና መንገድ ነበር። በደርግ ጊዜ ቻይናውያን ከወረታ እስከ ወልድያ ተራራውን እየፈለጡ የሠሩት ነው፤ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይን፣ ጎብጎብን፣ ነፋስ መውጫን፣ ጨጨሆን ይዞ ያልፋል። ዛሬ አስፋልት ለብሷል፤ በእኔ ጊዜ ጠጠር ነበር። ጉና ከ4100 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ጫፉን አይነካም፣ ትከሻውን ታክኮ ነው የሚያልፈው፤ ትከሻውም ይበቃል። ክረምት ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ከኮፈኑ ወዲያ ያለው አይታይም። ሹፌሩ በአንዱ መስኮት፣ ረዳቱ በሌላው አንገታቸውን ያወጣሉ። ሁለት ሰው አንድ መኪና በጆሮ ይነዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በዚህ አገር የከባድ ጭነት ነገር የተጀመረው በእኛ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ሰባት ቶን የሚገመተውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር አንሥተው በጋይንትና በጨጨሆ በኩል መቅደላ ያደረሱት በ1860 ዓ.ም. ነው። በመስከረም ማለቂያ ተነሥተው መጋቢት ላይ ደረሱ። ስድስት ወር ማለት ነው! የዘገዩት መንገዱ ስላልነበረ ነው፤ ፊት ለፊት መንገዱን እያስጠረጉ፣ ድንጋዩን ራሳቸውም በእጃቸው እያነሡ፣ ከዚያ በኋላ ነው መድፉን የሚያስጎትቱት። እኔ ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ የምሰማው ግን ስለ ጉልበት የተነገረ እየመሰለኝ ነበር። ቀድሞ መንገዱን አይቶ በኋላ ጭነቱን ማምጣት የሚባለው ነገር አልገባኝም ነበር።

እኔ በቻይና መንገድ ላይ ስድስት ዓመት ረዳት ነበርኩ። የትኛው ኩርባ ላይ ክላክስ እንደሚነፋ፣ የትኛው ድልድይ አጠገብ ውርጭ እንደሚያድር፣ የት ላይ ማርሽ እንደሚቀነስ አውቃለሁ። በ1984 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። በሦስተኛው ወር የመኪናው ባለቤት አሮጊቷን ኤንትሬ ፊያት ሰጡኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የሆነውን ታናሽ ወንድሜን ረዳት አድርጌ፣ ገብስ ጭኜ፣ በሹፌር ወንበር ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ተነሣሁ። ከጎብጎብ አልፈን የጉናን ትከሻ ጨርሰን ወደ ክምር ድንጋይ ስንወርድ ፍሬን እምቢ አለኝ። ወንድሜ ታኮውን ይዞ ዘለለ። የመጀመሪያው ተንሸራተተ፤ አንሥቶ እየሮጠ እንደገና ከጎማው ሥር ወተፈው። ያዘ። መኪናዋም ገደሉ ሳይሆን የተራራው ግድግዳ ላይ ተደግፋ ቆመች። የወንድሜ ቀኝ እግር ግን በጎማውና በድንጋዩ መሐል ነበር።

ቤተሰቡ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። «ፍሬን በጠሰበት፤ ወንድሙ አዳነው።» ወንድሜ እያነከሰ ወገዳ ላይ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል፤ አግብቶ ወልዷል። እናታችንም ይህንኑ ስታወራ ኖራ ዐረፈች።

በማግሥቱ ማክሰኞ፣ ማልደን ሄድን። ማክሰኞ ያልነው አውቀን ነው። ቅዳሜና እሑድ ከየአገሩ የሚጎርፈው መኪና ለጀማሪ አይመችም ብለውታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ቢሰማኝ ሥራ በሚሠራበት ቀን ይሂድ። ሌላው ነገር መኪናው ነው። ልጁ በመጀመሪያ ያሰበው ከከተማ ከሚከራዩት አንዱን ወስዶ ሊገባ ነበር። ውሉን አንብብ አልኩት፤ ደቃቃዋ ጽሕፈት ውስጥ «በመሽቀዳደሚያ ላይ መንዳት ክልክል» ተብሎ ተጽፏል። የራሱን መኪና የሚወስድም ቢሆን ኢንሹራንሱ እዚያ መንገድ ላይ ስለ መሥራቱ አስቀድሞ ይጠይቅ። ምክንያቱም እዚያ ቀልድ የለም። የብረት አጥሩን ገጭተህ ካጣመምክ የአጥሩን ትከፍላለህ፤ የጎታቹን መኪና ትከፍላለህ፤ በአንተ የተነሣ መንገዱ ለተዘጋበት ጊዜም ሊያስከፍሉህ ይችላሉ። ስለዚህ ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ መኪኖች ከሚያከራዩት ከአንዱ ትንሽ ስዊፍት ተከራየን። ከመቶ የፈረስ ጉልበት በላይ ብዙም አትርቅም። ልጁ ቅር አለው። እኔ ደስ አለኝ።

አከራዩ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ አድርጎ ነገረን፤ ልጁ ይተረጉምልኛል። ቀኝህን ይዘህ ንዳ። ዘወትር ስፔኪዮ እይ። ከኋላህ ፈጣን መኪና ከመጣ የቀኝ ፍሬቻ አሳይተህ አሳልፈው፤ መቅደም በግራ ብቻ ነው። የቀደመህን ለመከተል አትሞክር፤ እሱ የሚያውቀውን አንተ አታውቅም። ፍሬን የሚያዘው መሪው ቀጥ ባለበት፣ ከኩርባው በፊት ነው፤ ኩርባው ውስጥ ገብቶ ፍሬን መርገጥ መኪናዋን ያሽከረክራታል። አንደኛው ጥግ ደረቅ ሲሆን ሌላው ጥግ ዝናብ ሊሆን ይችላል። ብልሽት ከደረሰ ከአጥሩ ወዲያ ተሻግረህ ቁም እንጂ መንገዱ ላይ አትቁም። እየነዱ መቅረጽ ክልክል ነው። በመጨረሻም መኪና ውስጥ የሚንከባለል ዕቃ አይኑር አለና የኋላውን ወንበር አየ። እህቴ ለመንገድ ብላ የሰጠችን ድፎ ዳቦ በነጠላ ተጠቅልሎ እንደ መንገደኛ ተቀምጧል። ሰውየው በአክብሮት ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረልን።

እኔም ልነዳ ነው ብዬ ስነሣ፣ ውሉ ላይ ያለው የልጁ ስም ብቻ ነው ተባለ። ጉናን የነዳው ሰው በግራ ሳይሆን በቀኝ ወንበር ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። ከስንት ዓመት በኋላ ረዳት ሆንኩ።

ካርዱን በሩ ላይ አስነካና ገባን። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ልጁ የሚያየው ቤቱ ያለውን ስክሪን ነበር። ገባኝ። ኩርባውን ያውቀዋል፤ ግራ ነው ይላል፣ ግራ ይሆናል። ፉክስሮረ ላይ ስንደርስ ግን መንገዱ እንደ ቦይ ወደ ታች ሰመጠ፤ ሆዴ ወደ ላይ ወጣ፣ ከታች ስንደርስ ደግሞ መልሶ ወንበሩ ላይ ተጫነኝ። ልጁ «ኦ!» አለ። ጨዋታው ውስጥ ቁልቁለቱ ይታያል እንጂ አይከብድም። ቀጥሎ ያለው ኩርባ በስም ያወቀው ቢሆንም እጁ ዘገየበት፤ ጎማችን የሣሩን ዳር ነክቶ ተመለሰ። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ተከፋፈልን። እሱ ፊቱን ያያል፣ እኔ ዞሬ ኋላን አያለሁ። «መጣ» ስለው ፍሬቻ ያሳያል፤ አንድ ፖርሸ እንደ ጥይት ያልፋል። እንደገና «መጣ»። በጉብታዎቹ ላይ ስንወጣ ከፊታችን ሰማይ ብቻ ይታያል፤ መንገዱ ከወዲያ ወደየት እንደሚታጠፍ የሚነግርህ የለም። እዚያ ላይ ቀስ በል ማለት አላስፈለገኝም፣ ራሱ ቀነሰ። ላውዳ የተቃጠለበት አካባቢ ስናልፍ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ ዛፍ፣ አጥር፣ ኩርባ። ካሩሰል ላይ ወደ ኮንክሪቱ ሳሕን ውስጥ ገብተን ስንንቀጠቀጥ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ያን ጊዜ ብቻ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ የድሮው ጠጠር ልክ እንዲህ ነበር።

ወጥተን ቆምን። እዚህ ላይ ማንም ያልነገረንን አንድ ነገር እኔ ነገርኩት። ፍሬኑ እንዲህ ከጋለ በኋላ የእጅ ፍሬን አይሳብም፤ ማርሽ አስገብተህ ተወው። ይህን ብዬ ሳላስበው ወርጄ ከጎማው ሥር የምወትፈው ድንጋይ ፍለጋ ጀመርኩ። የጀርመን አገር መኪና ማቆሚያ ተጠርጎ ነው የሚያድር፤ ድንጋይ የለም። ልጁ አየኝና «ምን ጠፋህ?» አለ።

«ታኮ» አልኩት። ታኮ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስለ ታኮ ሲነገር ደግሞ ያ ቀን ይመጣል፤ አጎቱ ለምን እንደሚያነክስ ያውቃል፤ «ፍሬን ሲበጠስ ነው አይደል?» አለ።

አልተበጠሰም ነበር። ይህን ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። የዚያን ዕለት ከጉና ትከሻ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር አሮጌው ሹፌር ምን ያደርግ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስድስት ዓመት አይቻለሁ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ መኪናዋን በሞተር ይዞ፣ እያቃሰተች ያወርዳታል። ለእኔ ይህ የሽማግሌ ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። እኔ ማርሹን አውጥቼ በባዶ ለቀቅኋት። ነዳጅ ልቆጥብ፣ የቆጠብኩትን ልሸጥ፤ ደግሞም ወንድሜ ያየኝ ዘንድ። በእግሬ ፍሬን እየያዝኩ እለቅ ነበር። ሁለት ኩርባ እንዳለፍን ሸተተኝ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ። አውቀዋለሁ፤ ረዳት ሳለሁ ስንቴ አሽትቼዋለሁ። ወንድሜም «አያ፣ ይሸታል» አለኝ። «ዝም በል፣ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ?» አልኩት። ቀጥሎ ያለውን ፍሬን ስረግጠው እግሬ ከወለሉ ጋር ተገናኘ። ማርሽ ለማስገባት ሞከርኩ፤ ፍጥነቱ አልፎ ነበር፣ እምቢ አለኝ። ሌላውን ታውቁታላችሁ። ሐኪም ቤት በራፍ ላይ ወንድሜ በቃሬዛ ተኝቶ ሰው ሲከብበን «ፍሬን በጠሰብን» ያለው እሱ ነው። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። እንደ ነቀነቅኩ ቀረሁ።

ልጁ ረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። ከዚያ «እማማ ታውቃለች?» አለኝ። አታውቅም አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

የሦስት ዙር ከፍሎ ነበርና ለሁለተኛው ገባን። ይህኛው የተለየ ነበር። የኩርባ ስም አልጠራም። በግራ በኩል ጠል ያለበትን አስፋልት አይቶ ከሩቅ ነዳጅ አነሣ፤ የሚያልፉትን ሁሉ ሳይቀና አሳለፈ። እኔ ኋላዬን እያየሁ «መጣ» ከማለት በቀር ሥራ አልነበረኝም። የመጨረሻው ረጅም ሜዳ ላይ፣ መውጫው ሳይደርስ፣ መኪናዋን ቀዝቀዝ አድርጎ መንዳት ጀመረ። አፍንጫውን አነሣ።

«ጋሼ፣ ይሸታል።»

እኔም ሸትቶኝ ነበር። ይናገር እንደሆነ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ወጥቶ ቆመ፣ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን አልነካም። የቀረችውን አንድ ዙር ሳይዞር ቁልፉን ለአከራዩ መለሰለት። ሰውየው ጎማዎቹን ዞሮ አየና በአውራ ጣቱ ምልክት ሰጠው። ድፎውን ተቀብለን፣ ለሱም አንድ ቁራሽ ቆርሰን ሰጥተን ተመለስን።

ማታ እህቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። ልጇን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ደህና ነው። «እንዴት ነበር?» አለች። ልጁ መልስ ሳይሰጥ እኔን አየኝ።

«የዚያን ጊዜ ፍሬን አልተበጠሰም» አልኳት። የቀረውንም ነገርኳት። ከልጁ ይልቅ ለእሷ መናገሩ አጭር ነበር፤ ወይም እኔ አሳጥሬው ይሆናል። ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«እማዬ ይህን ሳታውቅ ነው የሞተችው?»

«ሳታውቅ።»

ዕጣኑ አልቆ ነበር፤ ሌላ አልጨመረችም። ብዙ ቆይታ ወደ ልጇ ዞረች።

«አንተ ስንት ዙር ዞርክ?»

«ሁለት።»

«የሦስት ከፍያለሁ ብለኸኝ አልነበረም?»

«ሸተተኝ» አለ ልጁ።

ስኒዎቹን ደርድራ ቀዳች። አንደኛውን ለልጇ ሰጠችው፤ ሁለተኛውን ራሷ ያዘች። ታላቅ ወንድሟ ነኝ፤ ከወገዳ ጀምሮ በዚህ ቤት ቡና መጀመሪያ የሚቀዳው ለእኔ ነበር። የዚያን ዕለት መጨረሻ ላይ ደረሰኝ።